እሳት የቈፈራቸው ሐይቆች



ደመወዙን ከወር እስከ ወር ለማድረስ የሚታገል ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ወይም ፈተናውን ጨርሶ ጥቂት ቀን ዕረፍት ያገኘ ተማሪ «የት ሄጄ አየር ልለውጥ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ገንዘብ ስታገኝ ታስብበታለህ» የሚል ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራህ ድንኳን፣ ዳቦ፣ ደኅና ጫማና ደኅና ወዳጅ ብቻ ስለሚጠይቅ ጉዞ ነው። ከዚሁም ጋር በጉዞው ላይ የሠራሁትን አንድ ጥፋት እናዘዝልሃለሁ። ጥፋቴን የምጽፈው ታዝንልኝ ዘንድ አይደለም፤ አንተም በተራህ እንግዳ ተቀብለህ ወደ ውሃ ዳር ይዘህ ስትወጣ እንዳትደግመው ብዬ ነው።

የምኖረው በቢሾፍቱ ነው፤ የማስተምረውም ጂኦግራፊ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በውስጧና በዙሪያዋ ሐይቆች አሉ፤ ከእነዚህም ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና አረንጓዴ የሚባሉት ይበልጥ የታወቁ ናቸው። በሰሜን ምዕራብ በኩል የይረር ተራራ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ የዝቋላ ተራራ ከሩቅ ይታያሉ። ሁለቱም በጥንት ዘመን እሳት የተፉ ተራሮች ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ሦስት ዓመት ሳስተምር ከሐይቆቹ አንዱን እንኳ በእግሬ ዞሬው አላውቅም ነበር። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባል የለ! ጠዋት ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤት፣ ማታ ከትምህርት ቤት ወደ ደብተር እርማት ስመላለስ ሐይቁ ለእኔ በመንገድ ዳር እንዳለ የጐረቤት አጥር ሆኖብኝ ነበር።

ባለፈው የገና በዓል ሰሞን ግን የኮሌጅ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ነገሩኝ። እኔም ደስ ስላለኝ ሳላመዛዝን «ኑ እንጂ! ሐይቅም አለ፣ ተራራም አለ፤ ድንኳን ተክለን ሁለት ቀን እንሰነብታለን፤ ዝቋላንም እንወጣለን» ብዬ በስልክ መልእክት ላክሁላቸው። ይህን መልእክት አስታውሰው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዶቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ አስምሎኛል፤ ምክንያቱም እናቱ መጽሔት ታነባለች። ስለዚህ «መዝገብ ቤት» እያልሁ እጠራዋለሁ። ሁለተኛዋ በደሴ ነርስ ስትሆን ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ሦስተኛው የመዝገብ ቤት የአክስት ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በሲያትል ያደገ፣ አገሩን ሊያይ የመጣ ወጣት ነው። አማርኛው ደኅና ነው፤ ሲቸኵል ግን አንተና አንቱ ይምታቱበታል። የሚኒባሱን ረዳት «እርስዎ ስንት ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠይቆት ልጁ ሒሳቡን ሳይቀበል ቀረ አሉኝ። ሁለቱን ድንኳኖች በጀርባው ተሸክሞ ያመጣው እርሱ ነበር።

ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ፣ ሻይና ስኳር ነበር። ከዚህም በቀር የቤት አከራዬ አንድ ጣሳ ጭኮ ጨመሩልን። ብርድ ልብሳችንን ጠቅልለን፣ የሚጠጣ ውሃችንን ለአራት ተከፋፍለን ተሸክመን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን።

በመጀመሪያ ያየነው ከተማው አፋፍ ላይ ያለውን የቢሾፍቱን ሐይቅ ነው። ይህን ሐይቅ አይተህ የማታውቅ እንደ ሆነ እንዲህ አድርገህ አስበው፤ በቤቶችና በዛፎች መካከል እየሄድህ ሳለ በድንገት ከእግርህ ሥር መሬቱ ይቋረጣል። ቍልቍል ስታይ በገደል በተከበበ ክብ ጕድጓድ ውስጥ ጥልቅ ሰማያዊ ውሃ ተኝቶአል። የሚገባበት ትልቅ ወንዝ የለም፤ የሚወጣበትም በር የለም።

የሲያትሉ እንግዳ ብዙ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና «ይህ ጕድጓድ ከየት መጣ? እኛ ዘንድ በኦሬገን ‹ክሬተር ሌክ› የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከጓደኞቼ ጋር ድንኳን ተክለን አድረንበታል። ይህም የዚያ ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ውድ አንባቢ፣ መልሱን አውቀው ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማስተምረው ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ አልመለስሁለትም። ሌሊቱን በሙሉ በልቤ ሳዘጋጀው ያደርሁት ንግግር ነበረኝ፤ ማታ እሳት አንድደን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ከዋክብት ወጥተው ሳለ፣ ሁሉም ጸጥ ብለው ሲሰሙኝ የምናገረው። እንግዳ ከአሜሪካ ሲመጣ መምህሩም ቢሆን ጥቂት ሊደነቅ ይወዳል። ስለዚህ «ቆይ፣ ማታ በእሳቱ ዳር እነግርሃለሁ» አልሁት።

ከዚያ ወደ ሆራ ሄድን። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ የኢሬቻ በዓል የሚከበረው በዚህ ሐይቅ ዳር ነው፤ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ክረምቱን ላሳለፈው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። እኛ በደረስንበት ቀን ግን ከጥቂት ሰዎችና ከወፎች በቀር ማንም አልነበረም። በትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዳቦአችንን በላን። መዝገብ ቤት ጫማውን አውልቆ እግሩን እያፍታታ «ስድስት ወር ሙሉ ከመዝገብ መደርደሪያ በቀር ያየሁት ነገር የለም» አለ። ስለ አቧራ፣ ስለ ቍልፍ፣ ስለ ጠፋ ፋይል፣ ስለ አለቃው ማኅተም ሲያወራ ሆዳችንን እስኪያመን አሳቀን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቦጋያ ደረስን። ድንኳናችንን የተከልነው በአንድ ተማሪዬ ቤተ ሰቦች የአትክልት ቦታ ውስጥ ነው፤ አስቀድሜ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነበር። የተማሪዬ አያት እርጅና የተጫናቸው፣ ግን ወገባቸው ያልጐበጠ ሰው ናቸው፤ በውሃው ዳር ተቀምጠው መንጠቆ ጥለው ነበር። የሲያትሉ እንግዳ ወደ እርሳቸው ቀረብ ብሎ «አባባ፣ ዓሣ አገኘህ?» ቢላቸው ከት ብለው ሥቀው «አላገኘሁም፤ አንተ ከመጣህ ግን እንግዲህ እናገኛለን» አሉት።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ብሏል። የሲያትሉ ልጅ ልብሱን አውልቆ ዘለለና እየዋኘ ራቀ፤ በልጅነቱ በትምህርት ቤት ዋና የተማረ ነው። እኔና ሲስተር የድንኳኑን ገመድ እንወጥር ነበር። መዝገብ ቤት ግን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወደ ውሃው ዳር ወረደ። ቀና ብዬ አየሁት። «እግሬን ብቻ ላቀዝቅዝ፤ ላንጋኖም ገብቼ አውቃለሁ» አለኝ።

ላንጋኖን ታውቅ እንደ ሆነ በዳሩ ብዙ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተህ ውሃው ከጉልበትህ ሳያልፍ ልትቆም ትችላለህ። ባቦጋያ ግን ላንጋኖ አይደለም። ይህንንም አውቅ ነበር። በሰሌዳ ላይ የምሥለው ሥዕል አፉ ሰፊ፣ ጐኑ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ማንቈርቈሪያ የሚመስል ነው፤ ከጐኑም «ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ» ብዬ እጽፍበታለሁ። አፌን ከፍቼ «ተመለስ» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን እግሩን ብቻ ነው የሚያቀዘቅዘው አልሁ፤ በዚያ ላይ የውሃው ጥልቀት ለማታው ንግግር ያስቀመጥሁት ዋናው ቁም ነገር ነበር። ስለዚህ ዝም አልሁ። ይህን ስጽፍልህ እጄ ያፍራል።

አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን ሲያነሣ ጠፋ።

ጩኸት የለም። ሰው ሲሰጥም ይጮኻል ብዬ አስብ ነበር፤ አይጮኽም። እጁ ብቻ ብቅ አለ፣ ተመልሶ ጠለቀ። ሲስተር ናት የጮኸችው። እኔ ዋና አላውቅም፤ ሆኖም ሮጬ ልዘል ስል ሽማግሌው በክንዴ ይዘው ወደ ኋላ ጐተቱኝና «አንተን ደግሞ ማን ያወጣሃል?» አሉኝ። ከአጥሩ ሥር የነበረውን ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና አንሥተው፣ በደረታቸው ተኝተው ወደ ውሃው ዘረጉት። እኔም እግራቸውን ያዝሁላቸው። መዝገብ ቤት በሦስተኛው ጊዜ ብቅ ሲል እጁ አጣናውን አገኘው። የሲያትሉም ልጅ እየዋኘ ደርሶ ከኋላው ደገፈውና ጐትተን አወጣነው።

ሲስተር በጐኑ አስተኛችው። አሳለ፣ አስታወከ፣ አለቀሰ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ተነሥቶ ተቀመጠና «ደኅና ነኝ፤ ምንም አልሆንሁም» አለ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሻይ ላፈላ ስነሣ ሲስተር «ሻዩን ተወውና ባጃጅ ጥራ» አለችኝ። ውሃ ወደ ሳንባው የገባ ሰው ደኅና መስሎ ከታየ በኋላ እንኳ ከሰዓታት ቆይታ በኋላ ትንፋሹ ሊከብደው እንደሚችል፣ ስለዚህም ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ ነገረችን። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደረቱን እያዳመጡ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አቈዩትና ምንም ችግር ባያገኙበት ለቀቁት። ሌሊቱን ሲስተር በየጊዜው እየቀሰቀሰች ልታየው ተስማምታ ወደ ድንኳናችን ተመለስን። በባጃጁ ውስጥ ሳለን ወደ እናቱ ደውሎ «ደኅና ነኝ እማዬ፤ ብርድ ብቻ ነው የያዘኝ» ሲላቸው ሰማሁ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ «ከቤት ስወጣ ውሃ እንዳትገባ ብላኝ ነበር» አለኝ።

በዚያ ምሽት ሽማግሌው እሳት አንድደው ቆዩን። ማንም ብዙ አልተናገረም። ኋላ ላይ መዝገብ ቤት ብርድ ልብሱን ተከናንቦ «መምህር፣ ያ ለማታ ያልኸው ትምህርት የት አለ?» አለኝ። ለቀልድ ነበር፤ ለእኔ ግን በጥፊ የመመታት ያህል ነበር።

«ያ ትምህርት መሰጠት የነበረበት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር» አልሁት። ቀጥሎም ምን አስቤ ዝም እንዳልሁ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። መዝገብ ቤት ለጥቂት ጊዜ እሳቱን ሲያይ ቆይቶ «እንግዲህ አሁን ንገረን፤ የሰመጥሁበትን ነገር ልወቀው» አለ።

አንተም ልታውቀው ይገባሃልና ያን ሌሊት ያልሁትን ባጭሩ እጽፍልሃለሁ። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያን የመሳሰሉት ሐይቆች ወንዝ የቈፈራቸው አይደሉም። የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ በመንገዱ ላይ ከመሬት በታች የተጠራቀመ ውሃ ያገኛል። ውሃውም በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ክዳኑ የተገጠመ ድስት በእሳት ላይ ሲረሳ የሚሆነውን ታውቃለህ፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። ፍንዳታው መሬቱን በርቅሶ አፈሩንና ድንጋዩን በዙሪያው ይበትነዋል። የቀረው ጕድጓድ ከከርሰ ምድር በሚመነጭና ከሰማይ በሚዘንብ ውሃ ይሞላል። ዳሩ ቀጥ ያለ ገደል፣ ውስጡ ጥልቅ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። በጀርመን አገር በአይፈል አውራጃ የዚህ ዓይነት ሐይቆች አሉና ሊቃውንት ለዓይነቱ በሙሉ የሰጡት ስም ከዚያ የተወሰደ «ማር» የሚል ቃል ነው። መዝገብ ቤት ይህን ሲሰማ «እኔ የጠጣሁት ግን አልጣፈጠኝም» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅን።

የኦሬገኑ «ክሬተር ሌክ» ግን ሌላ ነው። ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት ማዛማ የሚባል ታላቅ ተራራ በሆዱ ያለውን የቀለጠ ድንጋይ ተፍቶ ባዶ ሲቀር ጫፉ ወደ ውስጥ ተደረመሰ፤ ሐይቁም 594 ሜትር ጥልቀት አለው። የኛዎቹ በፍንዳታ የተቈፈሩ፣ የእነርሱ በመደርመስ የተፈጠረ ነው ማለት ነው።

ሽማግሌውም ከበኩላቸው የሚያውቁትን ነገሩን። በብርድ ወራት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዓሦች በብዛት ሞተው ተንሳፈው የሚገኙበት ጊዜ አለ። «ውሃው ተገለበጠ እንላለን» አሉ። ልክ ናቸው። የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ ኦክሲጅን የሌለበት የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ይመጣል፤ ዓሣውም ይታፈናል። እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እርሳቸው በዓይናቸው አይተውታል።

የሲያትሉ እንግዳ «እሳቱ ዛሬም ከሥራችን አለ?» ሲል ጠየቀ። በዚህ በምንቀመጥበት ቦታ ጸጥ ካለ ብዙ ዘመን እንደ ሆነ፣ ስምጥ ሸለቆው ግን እንዳልሞተ ነገርሁት። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ መዝገብ ቤትም መደርደሪያው ሲወዛወዝ ከቢሮ ሮጦ መውጣቱን አስታወሰ።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሊተኙ ሲነሡ «ቆዩ፣ ገና አንድ ነገር አለኝ» አልሁ። በዚያ ቀን አንድ እውነት በጊዜው ሳልናገር ሰው ላጣ ነበር፤ ሁለተኛውን እስከ ጠዋት ላሳድረው አልፈለግሁም። «ዝቋላን እንወጣለን ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። አንወጣም። ስጽፍላችሁም እንደማንወጣ ልቤ ያውቅ ነበር» አልኋቸው።

ዝቋላን አንድ ጊዜ ወጥቼዋለሁ። በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት 5 ቀን፣ የአቦ ክብረ በዓል ዕለት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ነበር። ተራራው 2,989 ሜትር ከፍታ አለው። ሲነጋ በጥዱ ደን ውስጥ ስንወጣ ጉሬዛዎች በላያችን ይዘሉ ነበር፤ ሽማግሌዎች በትር ተመርኵዘው፣ እናቶች ሕፃን አዝለው ይወጡ ነበር። ጫፉ ላይ ስትደርስ ሌላ ጫፍ የምታገኝ ይመስልሃል፤ ግን ተራራው ውስጡ ጐድጓዳ ነው፤ በጕድጓዱም ውስጥ ክብ ሐይቅ አለ። ሰው ያከብረዋል እንጂ አይዋኝበትም። አባቴ «ድምፅህን ዝቅ አድርግ» ያለኝ እስካሁን በጆሮዬ አለ። ይህ ተራራ በ15ኛው መቶ ዘመን የቬኒሱ መነኵሴ ፍራ ማውሮ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ እንኳ ስሙ ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዝቋላ ገዳም አራት መነኮሳት ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ እንግዶቼን «ለሽርሽር እንውጣ» ብዬ ወደዚያ ለመውሰድ ልቤ አልደፈረም፤ «አይሆንም» ብሎ ለመጻፍም አፈርሁ። እንግዳን ከሩቅ ጠርቶ በር መዝጋት መሰለኝ። ስለዚህ ስትመጡ አንድ ነገር አገኛለሁ ብዬ አለፍሁት።

የሲያትሉ ልጅ ዝም አለ። ቅር እንዳለው በፊቱ ይታወቅ ነበር፤ ምክንያቱም አያቱ በየዓመቱ በዓሉን ለማክበር ዝቋላ ይወጡ እንደ ነበር ከእናቱ ሲሰማ ያደገ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። «ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። የምመልስለት አልነበረኝም። ሽማግሌው እሳቱን እየቈሰቈሱ «ተራራው የትም አይሄድም፤ እናንተ ብቻ ደኅና ሁኑ፤ ትደርሱበታላችሁ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት መዝገብ ቤት ሳል እንኳ ሳይኖረው ተነሣ። ሲስተር ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሌሊቱን አልተኛችም። እርሷ እንዲያርፍ ብትመክረውም ከእኛ ለመቅረት እንቢ ስላለ፣ መንገዱን አብዛኛውን በባጃጅ፣ ጥቂቱን በእግር አድርገን ወደ አረንጓዴ ሐይቅ ሄድን። ከመነሣታችንም በፊት የአካባቢውን ሰዎች ስለ መንገዱ ጠየቅሁ። ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርሁ፤ «ይህ ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ ዳሩ ይንሸራተታል፤ ውሃው አይጠጣም፤ ከዚህ ድንጋይ ወዲያ አንወርድም።» ሲስተር «እንዲህ ነው እንጂ» አለች።

ሐይቁ እንደ ስሙ አረንጓዴ ነው፤ የጎመን ወጥ ይመስላል ብትል አታጋንንም። ይህን ቀለም የሚሰጠው በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ፍጥረት ነው፤ ስሙም ስፓይሩሊና ይባላል። ውሃው መውጫ ስለሌለው ፀሐይ ስታተንነው ጨውና ሶዳው ይቀርበታል፤ ስፓይሩሊና ደግሞ እንዲህ ያለውን ውሃ ይወዳል። የፍላሚንጎ ወፎችም እርሱን ለመብላት ይመጣሉ። በውጭ አገር ሰዎች ለጤና ብለው በዱቄትና በእንክብል እየገዙ የሚበሉት ይኸው ነው። የሲያትሉ እንግዳ «እናቴ በየጠዋቱ የምትጠጣው ይህን ነው?» ብሎ ተገረመ።

ከዚያው አፋፍ ላይ ሆነን ወደ ደቡብ ስናይ ዝቋላ በጠራው ሰማይ ላይ ብቻውን ቆሞ ታየን። እንግዳው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ወደ እናቱም ስልክ ደውሎ በስልኩ ካሜራ አሳያቸው። በሲያትል ሌሊት ነበር። እናቱ ሲያለቅሱ ሰማን፤ እኛም ራቅ ብለን ቆየን። ሲመለስ «ከዚህም ቢሆን አየሁት» አለኝ፤ ትከሻዬንም መታ አደረገኝ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወዳጆችህን ይዘህ ወደ ሐይቅና ወደ ተራራ እንዳትወጣ ላስፈራራህ አይደለም። ውጣ፤ አገርህን በእግርህ እወቃት። ነገር ግን ከዚህ ጉዞ የተማርሁትን ጥቂት ነገር ያዝልኝ።

አንደኛ፣ ውሃ ዳር ከመድረስህ በፊት ስለ ውሃው የምታውቀውን ተናገር፤ የማታውቀው እንደ ሆነ በዳሩ የሚኖረውን ሰው ጠይቅ። አንዱን ሐይቅ በሌላው አትመዝን። ሁለተኛ፣ ሰው ሲሰጥም ዋና ካላወቅህ አትዝለል፤ እንጨት ዘርጋለት፣ ወይም ገመድ ወርውርለት። ረጅም ገመድ ከስንቅህ ጋር ይኑር። ሦስተኛ፣ ከውሃ የወጣ ሰው «ደኅና ነኝ» ቢልህም ለሐኪም አሳየው። አራተኛ፣ ድንኳን ከመትከልህ በፊት የቦታውን ባለቤት ፈቃድ፣ መንገድ ከመጀመርህ በፊት የአካባቢውን ሰላም ጠይቅ። በጥር ሌሊቱ ይበርዳልና ብርድ ልብስ አትርሳ፤ ስትሄድም እሳትህን በውሃ አጥፋ፤ ቆሻሻህንም ይዘህ ተመለስ። አምስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የከበደው፣ የማይሆነውን ነገር ለእንግዳህ አስቀድመህ «አይሆንም» በለው። እንግዳ በተዘጋ በር ቅር ቢለው ለአንድ ቀን ነው።

መዝገብ ቤት ለእናቱ እውነቱን ነገራቸው ወይስ አልነገራቸውም ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነገራቸው። እናቱም ሦስት ቀን አኵርፈውት፣ በአራተኛው ቀን ለሽማግሌው የሚሰጥ አንድ ጋቢ ገዝተው በእጁ ላኩለት። እርሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቢሾፍቱ እየመጣ በአንድ ሆቴል መዋኛ ዋና መማር ጀምሯል። ውሃው ከደረት አያልፍም። እኔም አብሬው እማራለሁ። እስካሁን ያወቅነው መንሳፈፍ ብቻ ነው።